ውሃው የሚገባው ከላይ ነው

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ የጅማ ልጅ ነኝ። ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር የካምፕ ረዳትና ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ለሦስት ሳምንት ወደ ባሌ ልሄድ ነው። የሚፈልጉት የደጋ አጋዘን ነው። ቦታው ዝናብም ብርድም አለው አሉኝ። ለልምምድ ብዬ በላስቲክ ቦት በለጤ ጫካ ገብቼ ነበር፤ እግሬ በላብ ራሰ፣ ተረከዜም ተላጠ። አንዱ ጎርቴክስ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ከስክስ ይበቃሃል ይላል። የያዝኩት 7,000 ብር ነው። ውሃ የማያስገባው ጫማ የቱ ነው?»

ወንድሜ፣ መልሴ ረዘም ይላል። ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

ጅማ መርካቶ አካባቢ ጫማ መስፋትና ማደስ ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት፣ በጎረምሳነቴ፣ እንደ አንተው ለአዳኞች ዕቃ እየተሸከምኩ ባሌን ዞሬያለሁ። ስለዚህ ጫማውንም ጭቃውንም አውቃቸዋለሁ።

«ውሃ የማያስገባው የቱ ነው?» አልከኝ። ሻጩም ይህንኑ ጥያቄ ነው የሚወደው፤ መልሱን ካርቶኑ ላይ ጽፎልሃላ! እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። ውሃው በየት በኩል ገባ?

ባለፈው ሐምሌ አንድ የቡና ነጋዴ ከስክሱን ይዞ መጣ። «ሶሉ ያስገባል፣ ዙሪያውን ስፋልኝ» አለኝ። ካልሲው ቢጨመቅ አንድ ስኒ ውሃ ይወጣዋል። ወስፌዬን ከማንሳቴ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ ጫማው ውስጥ ገለበጥኩበት። ሰውየው «ኧረ ምን ነካህ!» ብሎ ጮኸ። ጫማውን ከሳፋ በላይ ይዤ ቆየሁ። አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል ነው የጠበቅነው። ከሶሉ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከዚያ ሱሪውን እንዲያይ ነገርኩት። እስከ ጉልበቱ በስብሷል። ጠዋት በእርጥብ ሣር መሃል ሲሄድ ሱሪው ጤዛውን ጠጣ፣ ካልሲው ከሱሪው ተቀበለ፣ ወደ ታች አወረደው። ጫማው ቀዳዳ የለውም። እንዲያውም ቀዳዳ ስለሌለው የገባውን ይዞ ቀረ።

ውሃ ወደ ጫማ የሚገባበት ሦስት በር አለ። ዋናው ይሄ የነገርኩህ ነው፣ ከላይ በአንገቱ በኩል። ሁለተኛው አንተው ራስህ ነህ። በሁለቱ እግርህ ላይ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የላብ ዕጢዎች አሉ፤ ሸክም ይዘህ ዳገት ስትወጣ ሥራ አይፈቱም። ሦስተኛው ቆዳው፣ ስፌቱና ምላሱ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። በለጤ ላይ አንተን ያጠቃህ ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ወደ ላስቲክ ቦትህ ልምጣ። መጥፎ ጫማ ነው አልልህም። ቦዬ ረግረግ ገብተህ ሣር ልትቆርጥ ከሆነ ከሱ የሚሻል የለም። ቆመህ ለምትሠራው፣ ውሃ ውስጥ ለምትገባው ሥራ ነው የተፈጠረው። ችግሩ የሚመጣው ስትራመድ ነው። ቁርጭምጭሚትህን አይዝም። እግርህ ውስጡ ይዋኛል፣ ተረከዝህ ወደ ላይና ወደ ታች ይፋተጋል፤ የተላጥከውም ለዚህ ነው። ደግሞ በገበያችን በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው እውነተኛ ጎማ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በብርድ ይደርቃል፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። በእርጥብ ድንጋይ ላይማ ሳሙና ነው። ለአደን ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ አፉ ባትህን እየመታ ቧ ቧ ይላል። አዳኞቹ ከሩቅ አገር መጥተው፣ ብዙ ገንዘብ ከፍለው፣ በአንተ ቦት ምክንያት አጋዘኑ ሸንተረሩን ተሻግሮ ቢሄድ ማን ይወቀሳል?

ጎርቴክስ የሚባለውን በደንብ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎርቴክስ ጫማ አይደለም። ከላይኛው ቆዳና ከገበሩ መሃል የሚገባ ስስ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ሮበርት ጎር ቴፍሎንን በድንገት ስቦ ሲለጥጠው ያገኘው ነገር ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያንሳሉ፤ ከውሃ ተን ቅንጣት ግን 700 ጊዜ ይበልጣሉ ይላሉ ሠሪዎቹ። ስለዚህ ዝናቡ አይገባም፣ የላብህ ተን ግን ይወጣል። ሐሳቡ ግሩም ነው።

ግን ተኑ የሚወጣው ውጭው ከውስጡ ደረቅ ሲሆን ነው። በክረምት ቦንጋ መንገድ ላይ ቁም እስቲ። አየሩ ራሱ ውሃ ነው። የጫማው ቆዳ ዝናብ ጠጥቶ ከራሰ ደግሞ ተኑ መውጫ ያጣል። ያኔ ጎርቴክሱም ከላስቲክ ቦትህ ብዙ አይለይም። ከሁሉ የሚከፋው፣ አንድ ጊዜ በአንገቱ በኩል ውሃ ከገባበት ለማድረቅ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። ውሃ እንዳይገባ የተሠራው ነገር ውሃ እንዳይወጣም ያደርጋል። ካምፕ ውስጥ መብራት የለህ፣ ማሞቂያ የለህ። ነጩ አዳኝ ሁለት ጥንድ ይዞ ይመጣል፣ ያፈራርቃል። አንተ ያለህ አንድ ነው።

በ7,000 ብር አዲስ፣ እውነተኛ የጎርቴክስ ቦት አታገኝም። የምታገኘው ወይ ስሙ የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ወይ ሰልባጅ ነው። ሰልባጁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እሱን ሳልነግርህ አላልፍም።

ብዙዎቹ የፈረንጅ ቦቶች ከጎማው ሶል በላይ ለስለስ ያለ የአረፋ ንብርብር አላቸው። ፖሊዩሬታን ይባላል። ለእግር ምቹ ነው፣ ቀላል ነው። ጠላቱ እርጥበት ነው። ጫማው ሳይለበስ ለዓመታት ቢቀመጥ እንኳ የአየሩ እርጥበት ቀስ እያለ ይበላዋል። ከላይ ስታየው ቆዳው ያበራል፣ ሶሉ ጥርሱ እንዳለ ነው፣ «አዲስ ነው፣ አልተለበሰም» ይልሃል ሻጩ። እውነቱን ነው፣ አልተለበሰም። በሁለተኛው ቀን ዳገት ላይ ግን ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። እኔ ጋ በዓመት አሥር አሥራ አምስት ጥንድ እንዲህ ሆኖ ይመጣል። በማስቲሽ ብትለጥፈው አይይዝም፤ የሚይዘው ነገር የለማ። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ያንን ለስላሳ ንብርብር በአውራ ጣትህ ጥፍር ጫን በለው። ነጥሮ ከተመለሰ ደህና ነው። የጥፍርህ ምልክት ከቀረ፣ ወይ ዱቄት ነገር ከወጣ፣ ወይ የሚጣበቅ ከሆነ አመስግነህ ሂድ። ከዚያም ጫማውን በእጅህ እጠፈውና ጎኑን እይ፤ ስንጥቅ ካለ እዚያ ጋ ይታይሃል።

እንግዲህ ምን ልግዛ ነው የምትለው። እኔ ብሆን ባለ ሙሉ ቆዳ ቦት ነው የምገዛው፤ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት አንድ ጋት ከፍ ያለ፣ ውስጡ ወፍራም ገበር የሌለው፣ ሶሉ ቀልጦ ከቆዳው ጋር የተጋገረ። ከስክስ ይበቃሃል ያለህ ሰው ከእውነት ብዙም አልራቀም። ደህና ከስክስ ማለት ይሄው ነው። ሲረጥብ ይረጥባል፣ አልዋሽህም። ግን ሌሊቱን ይደርቃል፣ ወይም ግማሹን ይደርቃል። ሲቀደድ ይሰፋል። ባሌ ሮቤ ብትሄድ የሚሰፋልህ ሰው አታጣም።

ስትገዛ ምላሱን እይ። ምላሱ ከግራና ቀኝ ከጫማው ጎን ጋር በቆዳ ተያይዞ ተሰፍቶ መሆን አለበት፣ ቢያንስ እስከ አምስተኛው የክር ቀዳዳ። እንደ ውሻ ምላስ ለብቻው የሚንጠለጠል ከሆነ የውሃው መግቢያ እዚያው ነው። ለመሞከር ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቅና ሳፋ ውስጥ እስከ ሦስተኛው ቀዳዳ ድረስ ለ20 ደቂቃ አቁመው። ሻጩ ይቆጣል፣ ይቆጣ። «ውሃ አያስገባም» ያለው እሱ አይደል? ጋዜጣውን አውጥተህ የራሰበትን ቦታ ተመልከት፤ ቦታው የቱ ጋ እንደሚያስገባ ይነግርሃል።

የቆዳውን ጠርዝ ደግሞ እይ። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋማ ነገር ከታየህ ቆዳ ነው። ከላይ እንደ ላስቲክ ስስ ሽፋን ተለብዶበት ከሆነ ውፍረቱ ለሁለት ከተሰነጠቀ ቆዳ የታችኛው፣ ርካሹ ንብርብር ነው፤ እጥፋቱ ላይ ሽፋኑ ሲላቀቅ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። በነገራችን ላይ «የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ነው፣ ምርጥ ነው» የሚልህ ካለ አትስማው። የበጋችን ቆዳ ዓለም ላይ ስሙ የተጠራው ለእጅ ጓንት ነው፤ ስስና ጠንካራ ስለሆነ። ለቦት የሚሆነው የከብት ነው።

ሶሉ ጥርሱ የተራራቀ ይሁን። የጅማን ቀይ ጭቃ ታውቀዋለህ። ጥርሱ የተጠጋጋ ከሆነ በአሥር እርምጃ ይሞላና ጠፍጣፋ ይሆናል። በጥርሶቹ መሃል ትንሿ ጣትህ መግባት አለባት። ታኮው ከሶሉ በግልጽ የተለየ ደረጃ ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ እሱ ነው።

ሶሉ ከቆዳው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ የቦት ሁሉ ደካማ ጎን ነው። በዚህ ላይ የምወደው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ ሜን ግዛት ውስጥ ሊዮን ቢን የሚባል አዳኝ፣ እግሩ መራሱ ሰልችቶት፣ ከታች የላስቲክ ጫማ ከላይ ቆዳ የተሰፋበት የአደን ቦት ሠራ። የመጀመሪያዎቹን 100 ጥንዶች ሸጠ። 90ዎቹ ተመለሱ! ላስቲኩና ቆዳው ከስፌቱ ላይ ተለያዩ። ሰውየው ገንዘቡን ለሁሉም መለሰ፣ ተበድሮም ላስቲኩን አሻሽሎ እንደገና ሠራ። ዛሬም ይሸጣል። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም እኔ ጋ የሚመጣው ጫማ ሁሉ የሚለቀው እዚያው ጋ ነው።

ቁጥር። አንተ 42 ከሆንክ 43 ሞክር። አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ያ የወፍራም ካልሲህ ቦታ ነው። ጫማውን ማታ ግዛ፣ ውለህ እግርህ ካበጠ በኋላ፤ ያንኑ ወፍራም ካልሲ አድርገህ። ክሩን ሳታስር እግርህን ወደ ፊት ግፋው። ከተረከዝህ ኋላ አንድ ጣት ከገባ ልክ ነው። ከዚያ እሰርና ደረጃ ላይ ወደ ታች ቁም። ጣቶችህ ጫፉን ከነኩ ተወው። ባሌ ላይ ቁልቁለቱ ነው ጥፍር የሚነቅለው።

ስለ ብርዱ ሰው ሁሉ «ወፍራም ገበር ያለው ግዛ» ይልሃል። እኔ አይመስለኝም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ከምናምን ነች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 3,000 ሜትር ላይ ብታድር ከጅማ 8 ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው፤ ባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ከወጣችሁማ 4,000 ሜትር ታልፋላችሁ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርድ ነው። ግን አንተ ስትሄድ የምትውል ሰው ነህ። ወፍራም ገበር ያለው ቦት አንድ ቦታ ተቀምጦ አውሬ ለሚጠብቅ ነው። ተሸካሚ ከለበሰው በላብ ይሞላል፣ ዕረፍት ላይ ሲቀመጥ ያ ላብ ይቀዘቅዛል። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ይወስዳል። ፈረንጆቹ ቦት ላይ 200፣ 400፣ 800 ግራም የሚል ካየህ የገበሩ መጠን ነው። ለአንተ ዜሮ ወይ 200 ነው።

እግር የሚሞቀው በካልሲና በደም ነው። ጫማው ጠቦ ሁለት ካልሲ ብትጠቀጥቅበት ደሙ አይዘዋወርም፣ የባሰ ይበርድሃል። ጥጥ ካልሲ እርሳው፤ ውሃ ይዞ ይቀራል። ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ያስፈልግሃል። ሁለቱን ታፈራርቃለህ። ሦስተኛው የመኝታ ነው፤ ሰማይ ቢወድቅ በቀን አትለብሰውም፣ በፌስታል ጠቅልለህ ከብርድ ልብስህ ጋር ታስረዋለህ።

አሁን ወደ ዋናው በር፣ ወደ ላይኛው። ሱሪህን ቦቱ ውስጥ አትክተት። አባቶቻችን ጋምባሌ የሚያስሩት ለማማር ብቻ መስሎህ ነው? ከድንኳን ሸራ ልብስ ሰፊ ጋ አሰፋ፤ ከጉልበት ሥር እስከ ጫማው ክር ድረስ የሚሸፍን። ከላይ ላስቲክ፣ ከፊት ክሩን የሚይዝ መንጠቆ፣ ከታች ደግሞ ከታኮው ፊት ለፊት በሶሉ ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ። በጣም ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ሸራ ከጎርቴክሱ የበለጠ እግርህን ያደርቅልሃል። የዝናብ ሱሪ ካለህም ከቦቱ ውጭ ይውረድ፣ ውሃው እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወደ ውጭ እንዲያንጠባጥብ።

ለቆዳው ጅማ ላይ ወርቅ አለን፤ የጫካ ማር ሰም። ጥቁር ቅባት ከሊስትሮ ገዝተህ መቀባት ያሳምረዋል እንጂ ውሃ ብዙም አያስቆምም። አንድ እጅ ሰም፣ ሁለት እጅ የከብት ሞራ ውሰድ። ጣሳ ውስጥ አድርገህ ጣሳውን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠው፤ በቀጥታ እሳት ላይ አታድርገው፣ ይቀጣጠላል። ሲቀልጥ አውርደው፣ ሲሞቅልህ በአውራ ጣትህ እየጫንክ ቆዳው ላይ እሸው። ስፌቱ ላይ ሁለቴ፣ ምላሱ እጥፋት ላይ ሁለቴ። ሶሉ የተለጠፈበት መስመር ላይ ግን አታብዛ፤ ቅባት ማስቲሹን ያላቅቃል። የቆዳው ላይ እንደ ከፋይ ጸጉራም ከሆነ ወይም ጎርቴክስ ከገዛህ ይህን አታድርግ፣ መተንፈሻውን ትደፍነዋለህ።

ከዚያ ሳትለምደው እንዳትሄድ። አንድ ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርገው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ጅሬን ውጣ፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ሁለተኛውን ጊዜ ሸክም ይዘህ፣ ሦስተኛውን ዝናብ ሲጥል። የሚልጥህ ከሆነ እዚሁ ይላጥህ። እዚህ እኔ አለሁ፣ በቅርጽ እንጨት አሰፋልሃለሁ።

አንድ ጥፋት ደግሞ ከራሴ። ባሌ በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ቀኑን ሙሉ ዘንቦብን ገባን። እሳቱ ደስ ይላል። ቦቴን አውልቄ ከእሳቱ አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ደርቋል። ደስ አለኝ። ላጠልቀው ስል እግሬ አልገባም። ጫፉ እንደ ተጠበሰ ቋንጣ ወደ ላይ ተቆልምሟል፣ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሶሉም ከፊት አፉን ከፍቷል። የቀሩትን አሥራ አንድ ቀናት በገመድ አስሬ ነው የጨረስኩት። ምግብ አብሳዩ «አዞው መጣ» ይለኝ ነበር።

እርጥብ ቆዳ እሳት አይወድም። ሶሌታውን አውጣ፣ ክሩን አላላ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቅ፣ በየሰዓቱ ቀይር። ጋዜጣ ካለቀብህ ደረቅ በቆሎ በካልሲ ሞልተህ አስገባበት፤ ሌሊቱን ይጠጣዋል። ከጉዞ ተመልሰህ ደግሞ አልጋ ሥር አትወርውረው። በጅማ ክረምት በሁለት ሳምንት ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ካበቀለ አቼቶ በውሃ አቅጥነህ ጥረገው።

እግርህንም እይ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች እግራቸው የተጎዳው በጥይት ሳይሆን በእርጥብ ጫማ ነው። ውርጭ የግድ አይደለም፤ እስከ 16 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንኳ ለረጅም ሰዓት የራሰ እግር ሊጎዳ ይችላል። እግርህ ነጥቶ፣ ተጨማዶ፣ ሲነኩት የማይሰማህ ከሆነ አትቀልድ። አድርቀው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ቀስ ብለህ አሙቀው። አትሸው፣ እሳት ላይ አትዘርጋው፤ የማይሰማ እግር ሲቃጠልም አይሰማም። ስሜቱ ካልተመለሰ ወይ ካበጠ ለአለቃህ ንገርና ጤና ጣቢያ ሂድ። ማታ ማታ በካምፕ ለመዋያ በረባሶ ያዝ። የጎማ ጫማ ነው ብለህ አትናቀው፤ እግርህ አየር የሚያገኘው ያኔ ነው።

ገንዘብህን እንዲህ አድርገው። ለጫማው ከ5,000 አትለፍ። የቀረው ለሱፍ ካልሲ፣ ለሸራው ጋምባሌና ለትርፍ የጫማ ክር ነው። ሰሙን እኔ እሰጥሃለሁ። ጫማውን ስትገዛ ገና ሳታደርገው ይዘኸው ና፣ ምላሱን አብረን እናያለን። ሐሙስ ግን አትምጣ፤ የገበያ ቀን ነው፣ እኔ ጋ መቀመጫ በርጩማ እንኳ አታገኝም።